የእኛ ክረምትና የጎማው ክረምት
(በጀሞ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)




ስለ መስክ መኪና ጎማ አመራረጥ ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ፣ ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ አነስተኛ መስሎ የሚታያቸው እንደሚኖሩ ገምቼ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል በዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት እንኳ በመስክ መኪና ተሳፍሮ ወደ መንገድ ሥራ፣ ወደ መስኖ ግንባታ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ የማይወጣ ቢኖር ጥቂት ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ክብደቱን በአራቱ ጎማዎች ላይ እኩል ቢያሳርፍ ለእያንዳንዱ 500 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል፤ በ2.2 ባር የተነፋ ጎማም ይህን ሸክም ይዞ መሬት የሚነካበት ስፋት 220 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይኸውም ከአንድ ሰው የጫማ ሶል አይበልጥም። የሞተሩ ጉልበት፣ የፍሬኑ ብርታትና የነጂው ችሎታ ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተኑት በእነዚህ አራት የጫማ ሶሎች ላይ ነው።

ዛሬ የተሰበሰብንባት ጀሞ ለጉዳያችን ጥሩ ማስረጃ ናት። ከዚህ የሚነሣ መኪና በአጭር ጉዞ ውስጥ በዋናው አስፋልት ላይ ይሮጣል፤ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል በተነጠፈው ኮብልስቶን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባታው ባላለቀባቸው ሠፈሮች ጠጠርና ጥቁር ጭቃ ያገኛል። ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ ወጣ ካለም የጅማንና የቡታጅራን መንገድ ይይዛል። ስለሆነም “ጥሩ ጎማ የቱ ነው?” ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ትክክለኛው ጥያቄ “ለየትኛው መሬት፣ ለምን ያህል ጭነትና ለምን ያህል ፍጥነት?” የሚለው ነው።

፩. የስም ጉዳይ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጎማን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። በአሁኑ ጊዜ በገበያችን “የክረምት ጎማ” እየተባለ የሚሸጥ አለ። ቃሉ ለጆሯችን የተለመደ ስለሆነ ገዢው ሐምሌንና ነሐሴን፣ ዝናብንና ጭቃን ያስባል። ጎማው ሲሠራ የታሰበው ክረምት ግን ሌላ ነው፤ ይህም የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ወራት ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ማንኛውም ጎማ ቅዝቃዜ ሲበረታበት ይደርቃል፤ ሲደርቅም መሬት የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የበረዶ ጎማ በብርድ ጊዜ እንኳ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ይቀመማል፤ በጥርሶቹም ላይ በረዶ የሚነክሱ እጅግ ቀጫጭን ቅዶች ይወጡለታል። አምራቾች በተለምዶ የሚሰጡት መመሪያ ይህን ጎማ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መጠቀም ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ቀን ቀን 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱም ከ10 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። እንዲያውም ብርዱ የሚጠናብን በክረምት ሳይሆን በበጋው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው። በእንዲህ ያለ አየር የበረዶ ጎማ ከሚገባው በላይ ይለሰልሳል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፤ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል።

ሁለት ምልክቶችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። “ኤም” እና “ኤስ” የሚሉት ፊደላት ጭቃና በረዶ ለማለት የተጻፉ ናቸው፤ ምልክቱ በጥርሱ ቅርጽና ክፍተት ላይ ተመሥርቶ በአምራቹ የሚለጠፍ እንጂ በፈተና የሚገኝ አይደለም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን፣ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ከመለኪያው ጎማ የተሻለ መጎተቱን ያመለክታል። ስለ ጥቁር መሬት ጭቃችን ግን አንዳች አይናገርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት ለመስክ መኪናዎች በተሰጠው የግዢ ጥያቄ ላይ የተጻፈው “የክረምት ጎማ” የሚል ብቻ ነበር፤ የቀረቡትም የተራራውና የበረዶው ምልክት ያለባቸው ሆኑ። ከነጂዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው፣ ገና በበጋው “እንጂነር፣ ይህ ጎማ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ለሐምሌ ጥርስ አይተርፈውም” ብለው ነበር፤ ቃላቸውም ለንብረት ክፍሉ ደረሰ። ጎማው ግን ገና አዲስ ስለሆነ አይለወጥም ተባለ። እንዳሉትም በክረምቱ አጋማሽ መኪናቸው ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ከቦይ ገባ። የሞተ ሰው ባይኖርም የነጂው እግር ተሰበረ፤ በሪፖርቱም ላይ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ የተመዘገበው “የነጂው ጥንቃቄ ጉድለት” ነበር። ስለ ጎማው ጥርስ ጥልቀት አንድም መሥመር አልተጻፈም።

፪. የምንረግጠው መሬት

ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ የጎማ ጥርስ ዋና ሥራ ውሃውን መግፋት ነው። ውሃው መውጫ ካጣ ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ሆርን እና ድሬር የተባሉ የናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት ይህ የሚሆንበት ፍጥነት ከጎማው ግፊት ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚያድግ አሳይተዋል። ቀመሩ በአብዛኛው ከአውሮፕላን ጎማ የተገኘ ስለሆነ ለመኪና ግምት ብቻ ነው፤ ሆኖም በ2.2 ባር ለተነፋና ጥርሱ ላለቀ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ1.4 ባር ለተነፋ ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። እነዚህ ፍጥነቶች ከከተማ በሚያወጡን አስፋልቶች ላይ የየዕለት ፍጥነቶች ናቸው። አያሌ አገሮች በሕግ የወሰኑት ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ክረምትን በ3 ሚሊ ሜትር ጥርስ መጀመር ራሱ ድፍረት ነው።

በጠጠር መንገድ ላይ የሚያስፈራው መንሸራተት ብቻ ሳይሆን መቀደድም ነው። የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ጥርሱን ይገነጥላል፤ ጎኑንም ይሰነጥቃል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ለጎሚስታ ሥራ አይሆንም፤ ይጣላል። ስለዚህ ለጠጠር ጥልቅ ጥርስ ብቻ ሳይሆን የጠነከረ ጎን ያለውና ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ጎማ ይመረጣል።

ጥቁር መሬት ለብቻው የሚታይ ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቤት መሠረትና የመንገድ ንጣፍ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ለጎማ ያለው ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይጣበቃል። በጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ ጭቃው ይሞላዋል፤ ጥርስ ያለውም ጎማ እንደ ተላጨ ጎማ ይሆናል። የጭቃ ጎማ ጥርሶች ተራርቀው የሚሠሩት ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን እንዲያጸዳ ነው። ከጭቃው ሥር ጠንካራ መሬት ቅርብ ከሆነ ጠበብ ያለ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ይደርስበታል፤ ጠንካራው መሬት ሩቅ ከሆነ ግን ግፊቱን ቀንሶ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ማሳረፍ ይሻላል። ግፊት የቀነሰ ሰው ግን ወደ አስፋልት ከመመለሱ በፊት ሊነፋው ይገባል፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ያየናቸው ሁለት ቁጥሮች ይነግሩናል።

፫. ምርጫው

የመስክ መኪና ጎማ በሦስት ይከፈላል። የአስፋልት ጎማ ጸጥ ያለ ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ያስተማምናል፤ በጭቃ ግን ወዲያው ይሞላል። የጭቃ ጎማ ከጭቃ ያወጣል፤ ነገር ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ በእርጥብ አስፋልት የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፤ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ሁለገቡ ጎማ በሁለቱ መካከል ነው።

የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። የመኪናውን የአንድ ዓመት የጉዞ መዝገብ አውጥተን እንየው። ከአሥር ኪሎ ሜትር ዘጠኙ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ከሆነ፣ መኪናው የቱን ያህል ግዙፍ ቢሆን የሚያስፈልገው ጥሩ የአስፋልት ጎማ ነው። ከጀሞ ቤቱ ወደ መሐል ከተማ የሚመላለስ ሰው የጭቃ ጎማ ቢያስር ለመልክ እንጂ ለጥቅም አይሆንም። ጠጠሩ ሲሶና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለገቡ ይመረጣል። የጭቃ ጎማ የሚገባው በክረምት ከጥቁር መሬት ላይ ለማይወጣ መኪና ብቻ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የበዙትን የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ማስታወስ ያሻል። ባትሪው ክብደት ይጨምራል፤ የሞተሩም ጉልበት ገና ከመነሻው ሙሉ ነው። ስለዚህ መጠኑ ቢገጥምም የመሸከም ዐቅሙ ያነሰ ጎማ ሊታሰርላቸው አይገባም።

፬. የጎማውን ጎን ማንበብ

የሚያስፈልገን መረጃ ሁሉ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። 265/65 አር 17 ከሚለው መጠን ቀጥሎ 112 ኤስ ቢል፣ 112 የመሸከም ዐቅሙን፣ ይኸውም 1,120 ኪሎ ግራም፣ “ኤስ” ደግሞ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሆነውን የፍጥነት ወሰን ያመለክታል። በዚሁ ቸርኬ ላይ 65ቱን በ70 ብንለውጥ የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው ወደ 83 እየሄደ ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ደግሞ አዲስና ያለቀ ጎማ ቀላቅሎ ቢታሰርለት ዲፈረንሻሉ ዕረፍት አያገኝም።

“ዶት” ከሚለው ጽሑፍ ጋር የሚገኙት አራት የመጨረሻ ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2219 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ዓ.ም. 22ኛው ሳምንት ነው። በመጋዘን ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል።

ግፊትን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አፋር ቆላ የወረደ መኪና የአየሩ ግፊት ስለሚጨምርበት የጎማው ንባብ በ0.2 ባር ገደማ ሊቀንስ ይገባ ነበር፤ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ግን ያንኑ ያህል ይመልሰዋል። በጉዞ ላይ የጋለ ጎማ ከዚህም በላይ ያሳያል፤ አንዳንድ ነጂዎች ይህን አይተው ያስተነፍሱታል፤ ጎማውም በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ትክክለኛው ልኬት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ የሚወሰደው ነው።

፭. ከእኛ የሚጠበቀው

ከመካከላችን አያሌዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ኮሚቴ አባላት ነን፤ የአደጋ ሪፖርትም እንፈርማለን። ጎማ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ በግዢ ጥያቄ ላይ “የክረምት ጎማ” ወይም “ጥሩ ጎማ” ብሎ መጻፍ ይቅር። በምትኩ መጠኑ፣ የመሸከም ዐቅሙ፣ የጥርሱ ዓይነትና ጥልቀት፣ የተመረተበትም ጊዜ በቁጥር ይጻፍ። ዋጋ የሚነጻጸረው እነዚህን ካሟሉት መካከል ብቻ ይሁን። ጎማው ከመገዛቱ በፊትም መኪናውን የሚነዳው ሰው ይጠየቅ፤ አስተያየቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የአደጋ ሪፖርት ቅጾቻችን ላይም አንድ ሣጥን እንዲጨመር ማኅበራችን ቢያሳስብ ደስ ይለኛል፤ በአራቱም ጎማዎች ላይ የተለካው የጥርስ ጥልቀትና ግፊት የሚሞላበት ሣጥን። ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ መለኪያና አምስት ደቂቃ ነው። ይህ ሣጥን ባዶ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በነጂው ላይ የሚያሳርፍ ሪፖርት ሲቀርብልን፣ መሐንዲሶች እንደመሆናችን ፊርማችንን ልንነፍገው ይገባል።