«ሲስተም የለም» ሲባል ብቻ የምናስታውሳቸው ባለሙያዎች
(በሐዋሳ፣ መሃል ከተማ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሐኪም የሚጠበቀው ስለ ሕክምና መናገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አይቲ ባለሙያዎች ነው የማወራው። የኢንፎርማቲክስ ምሩቃን «እሷን ምን አገባት?» እንዳትሉኝ፤ ያለ እናንተ አንድ ቀን መሥራት የማልችል ሰው ነኝ።

እኛ ኢንተርን ሳለን የላብራቶሪ ውጤት በወረቀት ይዘን ነበር ወደ ዋርድ የምንሮጠው። ካርድ ጠፋ ማለት የታካሚው ታሪክ ጠፋ ማለት ነበር። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ውጤቱ ስክሪን ላይ ይመጣል። ዲኤችአይኤስ 2 በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ የጤና ጣቢያ ሪፖርትም በኮምፒውተር ይጓዛል። ይህን ሁሉ የሚያቆሙት በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ሲሠራ ማንም አያውቃቸውም። ሲቆም ግን «አይቲው የት ሄደ?» ነው።

ጆን ሜየርና ናታሊ አለን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1991 ሰው መሥሪያ ቤቱን የማይለቅበትን ምክንያት በሦስት ከፍለውታል። በእኛ አነጋገር፣ አንዱ ወዶ ይቆያል፣ አንዱ «ብለቅ ምን አጣለሁ?» ብሎ አስልቶ ይቆያል፣ ሌላው በይሉኝታ ይቆያል። ማስረጃችን ተይዞ የግዴታ አገልግሎት የሠራን ሐኪሞች ሁለተኛውን በደንብ እናውቀዋለን። (ሳቅ)

የአይቲ ባለሙያን ግን ስሌት አይዘውም። ሙያው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ እዚሁ መሃል ከተማ ካፌ ቁጭ ብሎ ለውጭ አገር ድርጅት መሥራት ይችላል። ይሉኝታውም የቤት ኪራይ ሲጨምር ያልቃል። የሚቀረው መውደዱ ነው። ሰው ደግሞ የሠራው ሥራ ማን ጋ እንደደረሰ ሳያውቅ እንዴት ይወደዋል?

በአንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ አንድ ሌሊት የላብራቶሪው መስመር ተቋረጠ። ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ የገባች ልጅ ነበረችን። ኢንሱሊን ከመጀመራችን በፊት ፖታሲየሟን ማወቅ ነበረብን፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ኢንሱሊኑ የባሰ ያወርደውና ልቧን ሊያቆም ይችላል። የአይቲው ልጅ ከቤቱ ተጠርቶ መጥቶ መስመሩን መለሰው። ውጤቱ ዝቅተኛ ነበር፤ ፖታሲየሙን አስቀደምን፣ ልጅቷም ዳነች። ጠዋት ፈልጌው ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ዶክተር፣ እኔኮ ኬብል ነው የቀየርኩት» አለኝ። አራት ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም።

ይሄ ልጅ በዓመቱ ለቀቀ። ደሞዙ አልበቃውም፤ አልፈርድበትም። «ሥራህ ትርጉም አለው» እያሉ ደሞዝ መከልከል ብልጠት ነው፣ እኔ አልወደውም። ሌሊት ለሚጠራ የአይቲ ባለሙያ እንደ እኛው የዱቲ ክፍያ ይገባዋል። አለቆች የሆናችሁ ደግሞ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቋቸው፤ ሲበላሽ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ጠዋት በምናደርገው ስብሰባም አንድ ወንበር ይኑራቸው።

የኢንፎርማቲክስ መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ከመምረጣቸው በፊት አንድ ጠዋት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ይቁሙ። ሰኞ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰልፉ ያኔ ይረዝማል። የሚቀበላቸውን ሐኪም እኔ አፈላልጋለሁ።