ምጽዋ፦ ደሴት፣ ወደብ፣ የቅኝ ግዛት ዋና ከተማ
(በካፉሪ ለተሰበሰቡ ስደተኞች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው አንድ ወጣት «ምጽዋ ደሴት ነው ወይስ ከተማ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሁለቱንም ነው። አሮጌው ከተማ በደሴቱ ላይ ነው፤ ከአጠገቡ ጥዋለት የሚባል ሌላ ደሴት አለ፤ ሁለቱም ከየብስ ጋር የተያያዙት በባሕሩ ላይ በተደለደለ የድንጋይ መንገድ ነው። ሱዋኪንን ያየ ሰው ምጽዋን ለመገመት አይቸገርም። በሁለቱም ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱንም ቱርኮች ገዝተዋቸዋል።

ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1865 ለግብፅ ተላለፈች።

እኔን የሚቆጨኝ የ1884ቱ ነገር ነው። አፄ ዮሐንስ በዚያ ዓመት ጁን 3 ቀን ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈራረሙ። ንጉሡ በከሰላና በሌሎችም ሥፍራዎች በማህዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል እንዲወጣ ሊረዱ፣ በለውጡም ዕቃቸው፣ የጦር መሣሪያ ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ወረዱ፤ የእንግሊዝ ፈቃድም ነበረበት። በንጉሡ በኩል ግን ቃሉ አልታጠፈም። ራስ አሉላ በዚያው ዓመት ኩፊት ላይ ከማህዲስቶች ጋር ተዋጉ። እዚያ ከወደቁት ሐበሾችም ሆኑ ሱዳኖች ስለ ወደቡ ውል የሰማ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ጣሊያን በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ናት ብላ ስታውጅ ዋና ከተማዋ ምጽዋ ሆነች። ዘመኑ አጭር ነበር፤ በ1897 መንግሥቱ ወደ ነፋሻማዋ አስመራ ወጣ። ሙቀቱ የካርቱም ኗሪ አይደነቅበት ይሆናል፤ የምጽዋው ግን ወበቅ አለበት። የባቡሩ ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን ቤት አፈረሰ፤ ከተማዋ እንደገና ተሠራች።

ለሚጎበኛት ሰው የሼክ ሐናፊ መስጊድ፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው አሮጌ ቤቶች፣ የጉርጉሱም የባሕር ዳርቻና የዳህላክ ደሴቶች አሉ። ጥዋለት ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በ1990ው ጦርነት ክፉኛ ተመትቷል። የኢትዮጵያ ዕቃ በወደቡ ማለፉን ያቆመው በ1998 ጦርነት ሲነሳ ነው።

እኔ የተናገርኩት ያነበብኩትን ነው። ከመካከላችሁ ምጽዋ የሠራችሁ ወይም የኖራችሁ ካላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው፤ የጎደለውን ሙሉልን።