መሪ የያዘን ሰው በስልክ ስለ መጥራት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ይህን የኮኪት ሙቀት ችላችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ በመገኘታችሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የሒሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን አንብበውላችኋል፤ ስለ ድንኳኑና ስለ ብረት ድስቶቹም ተነግሯል። አሁን ደግሞ ኮሚቴው በሦስት ስብሰባ ሲመክርበት የቆየውን አንድ ጉዳይ እናቀርብላችኋለን። ይኸውም መኪና እየነዱ በእጅ ስልክ ስለ መነጋገር ነው። ከመካከላችሁ «ይኼ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው፤ ዕድርን ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኛም መጀመሪያ ላይ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ዕድራችን ራሱ ከጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ በከፊል ሰምታችሁታል፤ ሙሉውን ግን ከእኛ መስማት አለባችሁ። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ የሰሊጡ ጭነት በተጣደፈበት ሰሞን፣ አንድ አባላችን ሌሊት ዐረፉ። ቀብሩ ለስድስት ሰዓት ተቀጠረ። ጸሐፊያችንም እንደ ልማዱ ከማለዳው ጀምሮ ለአባላት ስልክ ይደውላል። አይሱዙ የሚነዳ አንድ ወንድማችን በዚያን ሰዓት ከጎንደር ወደዚህ በመምጣት ላይ ነበር። ተደወለለት፤ አላነሣም። ሁለተኛ ተደወለለት፤ አላነሣም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደወልለት «መቼም አንድ ነገር ቢኖር ነው» ብሎ አነሣ። ጸሐፊው የሚጠራቸው ሰዎች ብዙ ናቸውና ተጣድፎ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳያስቀድም፣ እገሌ ዐርፈዋል አለው። ሟቹ ለዚህ ልጅ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት ሰው ነበሩ።

መኪናው ገንዳ ውኃን አልፎ ወደ ኮኪት እየተቃረበ ነበር። ከአስፋልቱ ወጣ። ውኃ የጫነች አህያ ነበረች፤ አህያዋን የምትነዳ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አህያዋ እዚያው ሞተች። ልጅቱ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች፤ ነገር ግን እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋረጠች፤ ዛሬም ታነክሳለች። ትራፊኩ መጥቶ «ማን ነው የደወለልህ?» ብሎ ሲጠይቀው ልጁ «ዕድር» አለ። ስልኩ ተከፍቶ ታየ፤ ሦስቱም ጥሪ የእኛ ቁጥር ነው።

ይህን የምንናገረው ሾፌሩን ወይም ጸሐፊውን ለማሳፈር አይደለም። ጸሐፊውም ይህ ንግግር ሲጻፍ ከአጠገባችን ነበር፤ አንድም ቃል አልቀነሰም። ሁለቱም የሠሩት እኛ በጻፍነው ደንብ መሠረት ነው። ደንባችን ምን ይላል? ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል ይላል። አልሰማሁም ማለት ደግሞ በዕድራችን እንደ ምክንያት አይቆጠርም። ስለዚህ ጸሐፊው እስኪነሣ ድረስ ይደውላል፤ ሾፌሩም ቅጣት ፈርቶ ያነሣል። ያ ልጅ እኮ ሁለት ጊዜ ትክክለኛውን ነገር ሠርቶ ነበር። ሦስተኛውን እኛ ነን ያስጠፋነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጥሩምባ ነፊው በንጋት እየዞረ ይለፍፍ ነበር፤ የሰማ ይሰማል፣ ያልሰማውን ጎረቤቱ ይነግረዋል። ጥሩምባ መልስ አይጠይቅም፣ መንገድ ላይ ያለን ሰው ተከትሎ ጋቢና ውስጥ አይገባም። መርዶም ቢሆን ወግ ነበረው፤ አሁንም አለው። የቅርብ ሰው የሞተበትን ሰው ከሥራ ላይ ጠርቶ የሚያረዳ ማን ነው? ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ንጋት ላይ ተቀምጦ ይነገረዋል፤ ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው በግራ በቀኙ ይቆማል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ድንገት የሰማ ሰው ራሱን እንደሚስት ስለሚያውቁ ነው። እኛ ግን ስልክ እጃችን ከገባ ወዲህ፣ ሰባ ኩንታል ሰሊጥ ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው መርዶ እንነግራለን።

የእጅ ስልክ በአገራችን በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ዘግየት ብሎ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ግን ያልያዘው የለም። ጥቅሙን አንክድም። የሰሊጥ ዋጋ ይጠየቅበታል፣ ገንዘብ ይላክበታል፣ ወላድ በሌሊት አምቡላንስ ትጠራበታለች። ጉዳቱ የሚመጣው መሪ ከያዘ እጅ ጋር ሲገናኝ ነው። አንዳንድ የሞተር ሳይክል ልጆች ደግሞ ቀፎውን በሻሽ ከጆሯቸው ጋር አስረው እየሳቁ ሲያልፉ ታያላችሁ። ኧረ ይኼስ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው!

አሁን እስቲ ሒሳቡን እንየው። መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። መልእክት ለማንበብ ወይም የደወለው ማን እንደ ሆነ ለማየት አምስት ሴኮንድ ዓይኑን ከመንገዱ ቢያነሣ፣ 110 ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው። የዕድራችን ድንኳን ርዝመቱ ዐሥር ሜትር ነው። ዐሥራ አንድ ድንኳን በተከታታይ ትከሉና በዚያ ሁሉ ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ ሰው መኪና ሲነዳ አስቡት። ባጃጅም ብትሆን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሄደች በየሴኮንዱ አንድ ድንኳን ታልፋለች። በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ከብት አለ፣ ግመል አለ፣ ከደጋ የመጣ ለአስፋልት እንግዳ የሆነ ሳሉግ አለ፤ ማታ መብራት የሌለው ትራክተር አለ።

«እኔ በእጄ አልይዝም፤ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራው» የሚሉ አሉ። ኮሚቴው ውስጥም ይህን አጥብቀው የተከራከሩ ነበሩ። ነገር ግን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ አደጋ የደረሰባቸው 699 ስልክ ያላቸው ሾፌሮች ተመርምረው በ1997 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። በስልክ በሚያወራበት ጊዜ ሰው ለግጭት ያለው ዕድል ወደ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። እጅን ነጻ በሚያደርግ መሣሪያ ያወሩትም ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልታዩም። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስልክ የሚያወሩ ሾፌሮች ከሰከሩ ሾፌሮች ጋር ተነጻጽረው፣ ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የስልኩ ጉዳት ከስካሩ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱ እጅ ሳይሆን ሐሳብ ነው። ዓይኑ ወደ ፊት ያያል፤ ልቡ ግን ከደዋዩ ጋር ነው፤ ከፊቱ ያለችውን ላም እያየ አያያትም። እኛ ሰክሮ የሚነዳን ሰው እናወግዛለን፤ ዘመድ ሆኖ ከመኪናው የሚያስወርደውም አይጠፋም። ስልክ የሚያወራውን ግን ራሳችን ደውለን እናጫውተዋለን።

ታዲያ ረዳቱስ ከሾፌሩ ጋር ያወራ የለም ወይ? ያወራል። ልዩነቱ ረዳቱ መንገዱን ያያል። ከብት ሲገባ «ያዝ! ያዝ!» ይላል፤ ጠመዝማዛው ላይ አፉን ይዘጋል። ቤቱ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ የደወለው ሰው ግን ጠመዝማዛውን አያይም፤ ወሬውን ይቀጥላል፣ እንዲያውም «ምነው ዝም አልክ?» ብሎ ይቆጣል።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ሾፌር ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም። የሚደውለው ማን ነው? የመኪናው ባለቤት ነው፤ «የት ደረስክ?» ይላል። ደላላው ነው፤ «ስንት ኩንታል ጫንክ?» ይላል። ሚስት ናት፣ እናት ናት። የሚስትና የእናት ጥሪ እንኳን ቀላል አይደለም። በዚህ መንገድ ሰው የታገተበትን፣ የተዘረፈበትን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። ልጇ ከአይከል ወዲህ ድምፁ የጠፋባት እናት አትደውይ ብትባል እንዴት ትሰማለች? በዚህ ነጥብ ኮሚቴው ውስጥ ረጅም ክርክር ተደርጓል። በመጨረሻ ሐሳቡን ያመጡት ልጃቸው ሾፌር የሆነ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው አይከል፣ ነጋዴ ባሕርና ገንዳ ውኃ ላይ ቆሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ራሱ ይደውላል። እሳቸው ደግሞ በመካከሉ አይደውሉም። «ሰዓቱን ስለማውቀው ጭንቀቴ ቀነሰ» ብለውናል። ሌሎች ቤተሰቦችም ይህን ቢሞክሩት መልካም ነው። ረዳት ባለበት መኪና ደግሞ ስልኩ ረዳቱ ዘንድ ይቀመጥ።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 እየነዱ በእጅ ስልክ መጠቀምን ጥፋት አድርጎ አስቀምጦታል፤ ከዚያም በኋላ ደንቡ ተሻሽሏል። ነገር ግን ትራፊክ ፖሊስ በየዛፉ ሥር አይቆምም። ሾፌሩም ፖሊሱን ከሩቅ ሲያይ ቀፎውን ጭኑ ሥር ይከተዋል፤ አደጋ ሲደርስም «ፍሬን እንቢ አለኝ» ወይም «ከብት ገባብኝ» ይላል። በስልክ የመጣው አደጋ በስልክ ስም ሳይመዘገብ ይቀራል። የሟቹ ቁጥር ራሱ በቅጡ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ላይ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት በፖሊስ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሟች ከ4 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። የቀሩት የት ገቡ? በየሰፈሩ ተቀብረዋል። ድንኳን የተከለላቸው ዕድር ያውቃቸዋል። እኛም መዝገባችንን ገልጠን ስናይ «በመኪና አደጋ» የሚል ብቻ ተጽፎ አገኘን፤ በምን ምክንያት እንደ ሆነ ግን አልጻፍንም። ከእንግዲህ ቤተሰቡ ከፈቀደ እንጽፋለን።

አንድ ሌላ ነገር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተገጨ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚሁ የተመደበው እስከ 2 ሺህ ብር ነበር። የገጨው መኪና ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረው እንኳ ለተጎጂው የሚደርስ ፈንድ ተቋቁሟል። ያቺ ልጅ በተጎዳች ዕለት አባቷ ገንዘብ ፍለጋ በየቤቱ ሲዞሩ ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛም አናውቅም ነበር። የፖሊስ ወረቀት ቶሎ መያዝ እንደሚያስፈልግም ዘግይቶ ነው የገባን።

እንግዲህ ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው የደንብ ማሻሻያ እነሆ። አንደኛ፣ ዕድሩ ለማንኛውም አባል ሲደውል የመጀመሪያው ቃል «እየነዳህ ነው?» የሚል ይሆናል፤ አዎ ካለ ወዲያው ይዘጋል፣ ምንም አይነገረውም። አንድ ጊዜ ተደውሎ ካልተነሣ አይደገምም፤ መልእክቱ ለቤተሰቡ ወይም ለጎረቤቱ ይደርሳል። የቅርብ ዘመድ መርዶ በስልክ ፈጽሞ አይነገርም። ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ የነበረ ሾፌር ቀብሩ ቢያመልጠው ቅጣት አይከፍልም፤ በሠልስቱ መጥቶ ለቅሶ ከደረሰ እንደ ተገኘ ይቆጠራል። ይህ ሲነገር «ሁሉም ሾፌር ነኝ ይላል» የሚል ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ይበል! ሐሰተኛ ሁለት ሦስት ሰው ቢያመልጠን፣ የምናጣው የቅጣት ብር ለአንዲት አህያ መግዣ አይበቃም።

ሦስተኛውን የጻፈው ራሱ ጸሐፊው ነው። በስልክ መዝገቡ ላይ መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና ትራክተር በሚነዱ አባላት ስም አጠገብ «ሾ» የሚል ምልክት አድርጓል፤ በጎኑም በእነሱ ፋንታ የሚጠራ ሰው ስልክ እንዲጻፍ ቦታ ትቷል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቦታው ያልተሞላላችሁ ሾፌሮች ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት አስሞሉ። አይሱዙ የሚነዳው ወንድማችን የእሱን ጠዋት አስሞልቷል፤ የሚጠራለትም የልጅቱ አባት ናቸው፤ ቤታቸው ከእሱ ቤት ሁለተኛው ነው። እጅ የምናወጣው በሦስቱም ነጥቦች ላይ በየተራ ነው፤ ሰብሳቢው ይቀጥሉ።