የተረሱት ሯጮች ቡድን
(ከጣራ ገዳም ሥር ለተሰበሰቡ የማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ ስፖርት ነው። ስለ ሩጫ ሲነሣ ብዙዎቻችሁ ስለ አበበ ቢቂላ፣ ስለ ምሩጽ ይፍጠር፣ ስለ ደራርቱ ቱሉና ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እናገራለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእነርሱን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በየቤቱ አለ። እኔ ያመጣሁላችሁ በአሳብ ብቻ ያለ ቡድን ነው። ፎገራ የላም አገር ነውና «ላም አለኝ በሰማይ» ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም። ነገር ግን ይህች የሰማይ ላም የምትታለብ መሆንዋን በንግግሬ መጨረሻ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የዚህ አገር ልጆች የሆን አምስት ተማሪዎች ጣራ ገዳም ወጥተን ስንመለስ፣ ከወይራውና ከጥዱ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን ሜዳውን ቁልቁል እንመለከት ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ወርቅ ያላገኙትን የኢትዮጵያ ሯጮች ብቻ ሰብስበን ቡድን ብናቋቁም ማን ማን ይገባል?» ሲል ጠየቀ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ያህል ስም ተጠራ። ሁሉም ገባ፤ ሁሉም ተመሰገነ፤ ጨዋታውም ወዲያው ሰለቸን። በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ይሰማ የነበረው ጓደኛችን «ገደብ የሌለው ምርጫ ምርጫ አይደለም፤ ድግስ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ ሕግ አወጣን።

አንደኛ፤ ቡድኑ ስምንት ሯጮችና አንድ ተጠባባቂ ይኖሩታል። ሁለተኛ፤ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ አይገባም። ሦስተኛ፤ በአንድ የሩጫ ዓይነት ከሦስት ሰው በላይ አይመረጥም። አራተኛ፤ ከአንድ ኦሎምፒክ ከሦስት ሰው በላይ አይወሰድም። አምስተኛ፤ ከስምንቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሆናሉ። ስድስተኛ፤ ስም የጠራ ሰው ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ ምክንያት ያጣ ስም ይሰረዛል።

ሦስተኛውን ሕግ እኛ አልፈጠርነውም። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ የአትሌቲክስ ውድድር ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም። በዓለም ሻምፒዮና ያለፈው አሸናፊ ከአገሩ ሦስት ሯጮች በተጨማሪ አራተኛ ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ በኦሎምፒክ ግን ይህ ምሕረት የለም። በርቀት ሩጫ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ላለው አገር ይህ ሕግ መኖሩም አይታወቀውም። ለእኛ ግን ወፍራም ግድግዳ ነው። በአገሩ አራተኛ የሆነ ኢትዮጵያዊ በዓለም ውስጥ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውድድሩን እንደ እኔና እንደ እናንተ በቴሌቪዥን ያያል።

እንግዲህ ቡድናችን ይኸው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ አትደናገሩ።

መጀመሪያ የተጻፈው አበበ ዋቅጅራ ነው። በ1960 በሮም፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ስሙ አበበ የሆነ ኢትዮጵያዊ ማራቶን አሸነፈ። ሁለተኛው አበበ በዚያው ምሽት በዚያው መንገድ ሮጦ ሰባተኛ ወጣ። ከዓለም ሰባተኛ መሆን በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ለአገራችን ትልቅ ወሬ ነበር፤ ዕድሉ ሆኖ ከአበበ ቢቂላ ጋር አንድ ቀን ገጠመው።

ሁለተኛው ከበደ ባልቻ ነው። በ1983 በሄልሲንኪ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ከአውስትራሊያዊው ሮበርት ደ ካስቴላ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን አልተካፈለችም።

ሦስተኛው በላይነህ ዲንሳሞ ነው። በ1988 በሚያዝያ ወር በሮተርዳም 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ሰዓት እስከ 1998 ድረስ ማንም አላሻሻለውም። በዚያው በ1988 ዓመት የሴኡል ኦሎምፒክ ሲደረግ ኢትዮጵያ አሁንም አልተገኘችም። ስለዚህ በዓለም ፈጣን የነበረው ሰው ፍጥነቱ በበሰለበት ዓመት ኦሎምፒክ አመለጠው። እርሱንና ከበደን ያስቀራቸው የመራጭ ስሕተት አልነበረም፤ ከሩጫ ሜዳ ውጭ የተቆረጠ ውሳኔ ነበር።

አራተኛው ቶሎሳ ቆቱ ነው። በ1980 በሞስኮ ምሩጽ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ሲያገኝ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ሆኑ። ሜዳልያ የሚሰጠው እስከ ሦስተኛ ነው። ሦስት ኢትዮጵያውያን ከአራቱ የመጀመሪያ ሯጮች መካከል ተገኝተው፣ ሕዝቡ የሁለቱን ስም ይዞ የአንዱን ጣለ።

አምስተኛው እሸቱ ቱራ ነው። በዚያው በሞስኮ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ አገኘ። «ሜዳልያ ያለው ሰው እንዴት የተረሳ ይባላል?» ብሎ የተቃወመ ነበር። መልሱ ይህ ነው፤ ላሜቻ ግርማ በ2021 በቶኪዮ ብር እስካገኘበት ቀን ድረስ 41 ዓመት ሙሉ በወንዶች መሰናክል ሌላ ኢትዮጵያዊ የኦሎምፒክ ሜዳልያ አላገኘም። መሰናክል የእኛ ሩጫ አይደለም ብለን ስለ ደመደምን፣ የእኛ ሊሆን እንደሚችል ያሳየንን ሰው አላስተዋልነውም።

ስድስተኛዋ ብርሃኔ አደሬ፣ ሰባተኛዋ ወርቅነሽ ኪዳኔ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ መናገር አይቻልም። በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ብርሃኔ አንደኛ፣ ወርቅነሽ ሁለተኛ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በአቴና ኦሎምፒክ ለዚሁ ርቀት የተሰለፉት ሦስቱ እጅጋየሁ ዲባባ፣ ደራርቱ ቱሉና ወርቅነሽ ነበሩ፤ የዓለም ሻምፒዮናዋ ብርሃኔ በመካከላቸው አልነበረችም። የተሰለፉት ሦስቱ ከቻይናዪቱ ሺንግ ሁይና ቀጥለው ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ሆኑ። እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ምርጫ መጥፎ ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን አንዲቱ ከግድግዳው ውጭ ቀረች፤ አንዲቱም ግድግዳውን አልፋ በአንድ ደረጃ ሜዳልያ አጣች።

ስምንተኛዋ እልፍነሽ ዓለሙ ናት። በዚያው በአቴና በሴቶች ማራቶን አራተኛ ወጣች።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በዚህ ላይ ነው። ከአቴና ሦስት ሴቶች ስለ ወሰድን አራተኛው ሕግ በሩን ዘጋው፤ ስለሺ ስህን ከውጭ ቀረ። ስለሺ በአቴና ከቀነኒሳ በቀለ ቀጥሎ ብር ያገኘ፣ በ2008 በቤጂንግም ይህንኑ የደገመ ሰው ነው። አንዱ ጓደኛችን የሕግ ተማሪ ነውና «ለቤጂንግ ቁጠሩልኝ» አለ። ሌላው «ታዲያ ማን ይውጣለት?» ሲል መለሰለት። ሌላው ደግሞ «ብርሃኔ በአቴና 10 ሺህ ሜትር ካልሮጠች እንዴት ከአቴና ትቆጠራለች?» አለ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከርን። በመጨረሻ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ስለሺ ይቅር ተባለ፤ ምክንያታችንም ሁለት የብር ሜዳልያ ያለውን ሰው አገር አይረሳውም የሚል ነበር። ይቅር ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ግን ልቤ አልረጋም።

ከዚያም ዝርዝሩን ስናነበው ዝም አልን። በ1964 በቶኪዮ ማራቶን አሥረኛ የወጣው ደምሴ ወልዴ የለበትም። በ1972 በሙኒክ አሥረኛ የሆነው ለንጊሳ በዳኔ የለበትም። በሞስኮ ሰባተኛ የሆነው ደረጀ ነዲም የለበትም። የተረሱትን ልናስታውስ ተቀምጠን እኛው ራሳችን ሌሎችን ረሳን። እንግዲህ መርሳት ሁልጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ቦታ ሲያንስ ከመምረጥ የሚመጣም አለ ማለት ነው። መራጭ ይህን ሊያስቀር አይችልም። በእጁ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

አስቀድሞ ስለ ተጠባባቂው ልናገር። የተጠባባቂነቱን ቦታ ለገብሩ መራዊ ሰጠነው፤ በ1968 በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት ቀን ስድስተኛ የወጣው ነው። ተጠባባቂ ሲባል ቅር የሚለው ሰው አለ። በ1960 አበበ ቢቂላ ወደ ሮም ሊሄድ የቻለው ዋሚ ቢራቱ ስለ ታመመ ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ነው የምትሉ ብትኖሩ፣ 2024ን አስታውሱ። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ታምራት ቶላ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ታምራት ገባ፤ ውድድሩንም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በአዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ይህ ሰው በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። አራተኛ ያደረገው የገደቡ ጥበት እንጂ የእግሩ ድካም አልነበረም። ሆኖም ስሙ በተጠባባቂነት ተጽፎ ስለ ነበረ፣ እርሱም ልምምዱን ስላላቋረጠ፣ በሩ ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት እናገራለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የክፍላችን የስፖርት ተጠሪ ነበርሁ። በኅዳር ወር የትምህርት ቤቶች ሩጫ ሲደርስ ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ልጅ እንድናቀርብ ታዘዝን። ከሜዳው በኩል በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ነበረን። በሩጫ ከሁላችንም ይበልጥ እንደ ነበር አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለት ቀን ከልምምድ ስለ ቀረ ስሙን ሰረዝሁ፤ በምትኩም ከከተማ የሚመጣ ጓደኛዬን ጻፍሁ። ለምን ቀረህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ለምን ተሰረዝህ ብዬም አልነገርሁትም። እርሱ በዚያ ሳምንት ከአባቱ ጋር ሩዝ ያጭድ ነበር። ከዓመታት በኋላ ወረታ ገበያ ላይ ስንገናኝ ይህን ነገር አነሣሁበት። ሣቀና «መቅረቴ አይደለም የከፋኝ፤ እንደማልችል ቈጥረኸኝ መስሎኝ ሩጫውን ተውሁት» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያን ዕለት ከሦስቱ ውጭ መቅረቱ የገደቡ ሥራ ሊሆን ይችል ነበር። ሩጫ እንዲተው ያደረገው ግን የእኔ ዝምታ ነው። ሁለት ቃል ብናገር ኖሮ እርሱም ሁለት ቃል መልሶ ስሕተቴን ባረመኝ ነበር።

የሰማይ ላሟ ወተት እንግዲህ ይህ ነው። ማኅበራችን በመጪው ጊዜ ለሩጫው የሚሰለፉትን ይመርጣል። ቦታው ጥቂት ነው፤ የሚሮጠው ብዙ ነው። ስለዚህ ለስብሰባው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። መጀመሪያ፤ የመምረጫው ሕግ ከማጣሪያው በፊት ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፤ ለማጣሪያ ቀርቦ ያልተመረጠ ተማሪ ሁሉ ምክንያቱ ይነገረው፤ የሚመልሰው ቃል ካለም ይሰማ። ሦስተኛ፤ የተጠባባቂዎች ስም ከተመረጡት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ እነርሱም እስከ መጨረሻው ቀን አብረው ይለማመዱ።

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና የአንድ ሰዓት ድፍረት ነው። አምስታችን ከጥዱ ጥላ ሥር በጨዋታ ያከበርነውን ሕግ፣ ይህ ሁሉ ተማሪ ያለበት ማኅበር በእውነት ሊያከብረው አይከብደውም ብዬ አምናለሁ። የስለሺን ነገር ግን ገና አልዘጋሁትም፤ ከስብሰባው በኋላ ልትከራከሩኝ የምትፈልጉ እዚሁ ከዛፉ ሥር ታገኙኛላችሁ።