በሰው አገር የአደን መሪ ስለ መሆን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ ጓደኛችን «ትምህርቴን ስጨርስ ኬንያ ሄጄ ሀብታሞችን አንበሳ እያሳደንሁ እኖራለሁ» ብሎ ሲያስቀን ነበር። ኬንያ እንኳ አይሆንለትም፤ በዚያ አገር አደን ከ1977 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏልና። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ይሁን እንጂ ነገሩ ከአሳቤ ስላልጠፋ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

በእኛ ዘንድ አዳኝ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ገድሎ የሚፎክር ጀግና ነው። የአደን መሪ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ራሱ ሊተኩስ ነውና፣ መሪው አውሬውን ፈልጎ፣ እንግዳውን አቅርቦ፣ ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን እንደያዘ ዝም ማለት አለበት። ነፋስን የሚያውቅበት ብልሃት በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ዐመድ የሞላባት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይይዝና ሲያራግፋት ዐመዱ ወዴት እንደሚሄድ ይመለከታል። ጎሽ የሰው ሽታ ከደረሰው የጧቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደዚህ ሥራ አስቦ የገባው ሰው ጥቂት ይመስላል። ስዊድናዊው ባሮን ብሮር ብሊክሰን በ1913 ወደ ኬንያ ሄዶ የጀመረው የቡና እርሻ ነበር። ቡናው አልቀናውም፤ አደኑ ግን ቀናው። በ1928 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ለአደን በመጣ ጊዜ ከመሪዎቹ አንዱ እርሱ ሲሆን፣ ሌላው በ1931 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው እንግሊዛዊው ዴኒስ ፊንች ሀተን ነበረ። በ1934 ባለሙያዎቹ በናይሮቢ ማኅበር አቋቁመው ፊሊፕ ፐርሲቫልን ሊቀ መንበር አደረጉ። የማኅበሩ መፈክር በላቲን ሲሆን፣ ትርጉሙ ፍርሃትም አይኑር፣ ያላሰቡበት ድፍረትም አይኑር ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው ይዘው የመጡት ጠመንጃና የተኩስ ችሎታ ነው። ዱካ ማንበብን ግን የተማሩት ከአገሩ ልጆች፣ ይልቁንም ከካምባና ከዶሮቦ አዳኞች ነው። የተረገጠው ሣር ምን ያህል እንደተቃና፣ እበቱ ምን ያህል እንደሞቀ አይተው አውሬው መቼ እንዳለፈ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ስዋሂሊን ያላወቀ መሪም ከእነርሱ ጋር መሥራት አይችልም ነበር። በዚያ ቋንቋ «ኛማ» ማለት ሥጋም አውሬም ነው፤ የመንደሩ ሰው ከአደኑ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። በመጻሕፍቱ ላይ ግን በትልቁ የሚጻፈው የመሪው ስም ነው፤ ዱካ አንባቢው ብዙ ጊዜ ያለ አባት ስም በአንዲት ቃል ይታለፋል። ይህ እኔን ቅር አሰኝቶኛል።

ዛሬ ትምህርቱ በሥርዓት የሆነባት አገር ዚምባብዌ ናት። እጩው አስቀድሞ ስለ ሕግ፣ ስለ እንስሳት ባሕርይና ስለ ጠመንጃ በጽሑፍ ይፈተናል፤ ተኩሱም ይታያል። ከዚያ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ለዓመታት ይለማመድና በመጨረሻ ጫካ ውስጥ ሰፍሮ በፈታኞች ፊት ይሠራል። ብዙዎች ይወድቃሉ፤ የኛ የዓመት መጨረሻ ፈተና ከዚህ ይሻላል መሰለኝ።

ዋናው ፈተና ግን እንግዳው ሲስት ነው። ጎሽ ቆስሎ ወደ ቁጥቋጦ ከገባ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ በማግሥቱ የሚያገኘው እንጨት ለቃሚ ሴት ወይም እረኛ ነውና። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ዞሮ በራሱ ዱካ አጠገብ ይጠብቃል ይላሉ። መሪው ጥቂት ቆይቶ ይገባል፤ እንግዳውን ብዙ ጊዜ ከኋላ ያስቀረዋል። ከፊት የሚሄደው ዱካ አንባቢው ነው። እርሱ ዓይኑ ከመሬት ላይ ስለሆነ ቀና ብሎ ማየት አይችልም፤ በእጁም ጠመንጃ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መሪው ወደ መሬት አያይም፤ ከርሱ ኋላ ሆኖ፣ ቁጥቋጦውን ብቻ እየተመለከተ፣ ስለ ሁለቱም ያያል።