ለሸቀጥ ዋጋ የተቆጣ ሕግ ለጉልበት ዋጋስ?

(አሶሳ ለተሰበሰቡ ሠራተኞች ካደረግሁት ንግግር)

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ!

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት እዚሁ አሶሳ ለአንድ የሕንጻ ተቋራጭ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሌላው ተቋራጭ ሁለት መቶ ብር ጨምሮ እንደሚቀጥር ሰማሁና ዲፕሎማዬን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ጎበዝ ልጅ ነህ፤ ግን ተነጋግረናል። እሱ የኔን ሰው አይወስድም፣ እኔም የሱን አልወስድም» አለኝ። በማግስቱ አለቃዬ ጠርቶ «ትናንት የት ሄደህ ነበር?» አይለኝም! በጨረታ ሲጠላለፉ የሚውሉ ሰዎች እኔ ላይ ሲደርሱ ወንድማማች ሆነው አረፉት።

ያኔ «ዕድሌ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ዕድል አልነበረም፤ አድማ ነበር። ሠራተኛ ተሰብስቦ ሥራ ሲያቆም አድመኛ ይባላል። ቀጣሪዎች ቡና እየጠጡ ደመወዝ ሲወስኑስ? «መግባባት» ይባላል! አዳም ስሚዝ የተባለው ስኮትላንድ ያፈራችው ሊቅ ይህንኑ የጌቶች ዝምተኛ ስምምነት በ1776 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ሕጋችን ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። የሥራ ልምድ ወረቀትም በነፃ ይሰጠው ይላል። መልካም! መውጫው በር ተከፈተ። የጎረቤቱ በር በምክክር ከተቆለፈ ግን ወጥቶ የት ይገባል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813 ደግሞ ነጋዴዎች ተመካክረው የመግዣና የመሸጫ ዋጋ እንዳይወስኑ ከለከለ። ደመወዝን ግን በስሙ አልጠራውም። «ጉልበትም ይገዛል» ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ይኖር ይሆናል። የቀን ሠራተኛ ጠበቃውን በምኑ ይቀጥረዋል?

የሌላው አገር ሕግ ግን ነክሷል። አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቤ «ሠራተኛ አንነጣጠቅም» ተባብለዋል ተብለው በአሜሪካ ተከሰሱ። በ2015 እ.ኤ.አ. 415 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቹ ለመክፈል ተስማሙ። የኮምፒውተር ሊቅ እንዲህ ከተጠቃ የኛ በያጅና ፌራዮ ምን ይሁን?

አዲስ አበባ ቢሆን አንዱ በር ቢዘጋ ሌላ ይንኳኳል። እዚህ ቀጣሪው በጣት ይቆጠራል። ሦስት ሰው ከተስማማ ከተማው ተዘጋ ማለት ነው! የህዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ጉባ ላይ ዓመታት ሙያ የለመደ ሰው ወደ ከተማ ሲመጣ ዋጋውን የሚቆርጥለት ገበያው ነው ወይስ የሦስት ሰዎች ጠረጴዛ?

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል በውድድር ሕጉ ውስጥ በግልጽ ጻፉት! እናንተም ወገኖቼ፣ አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚችል ሕጉ ፈቅዷል። እነሱ ከተነጋገሩ እኛን ምን አፋችንን ያዘን?

ቸር ይግጠመን!