ከመተንፈሻ መሣሪያ የመላቀቂያ ሰዓት
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የጤና መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳገለግል፣ ቤተ ሰብ አብዝቶ የሚፈራው ቃል «መሣሪያው ሊነሣ ነው» የሚለው መሆኑን ተገንዝቤአለሁ። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ተስፋ የተቆረጠ መስሏቸው ለንስሐ አባታቸው ይደውላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ መሣሪያው የሚነሣው ሕመምተኛው ተሽሎት በራሱ እንዲተነፍስ ነው።

ስንተነፍስ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ደረትንና ሆድን የሚለየው፣ ድያፍራም የተባለው ስስ ጡንቻ ነው። እርሱ ወደ ታች ሲወርድ ሳንባ በአየር ይሞላል። መሣሪያው ይህን ድካም ሲሸከምለት ግን ጡንቻው ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻም ይመነምናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የታተመ ጥናት፣ ድያፍራም ከ18 እስከ 69 ሰዓት ፈጽሞ ሥራ ሲፈታ ክሮቹ በግልጽ እንደሚቀጥኑ አሳይቷል። እግሩ በጄሶ ታስሮ የቆየ ሰው ጄሶው በተፈታበት ዕለት ሮጦ አይሄድም፤ የድያፍራምም ነገር እንዲሁ ነው።

አንድ አዛውንት አባት ትዝ ይሉኛል። የሳንባ ምቹ ለቀቃቸው፤ እንደ ተለመደው ለ30 ደቂቃ በራሳቸው እንዲተነፍሱ ፈተንናቸው፤ ፈተናውን አለፉ፤ ቱቦውንም አወጣንላቸው። በዚያው ሌሊት ግን ትንፋሻቸው አጠረ፤ ቱቦው ዳግመኛ ገባ። በማግሥቱ ባለቤታቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር መጥተው «ትናንት ድነዋል አላችሁኝ፤ ዛሬ ምኑን ልመን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ድያፍራማቸውን በአልትራሳውንድ ያየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንቅስቃሴው ከ1 ሴንቲሜትር በታች ነበር። ሳንባቸው ቢድንም ጡንቻው ገና አልበረታም ነበር። የመሣሪያውን እገዛ ቀስ በቀስ እየቀነስን፣ ከአልጋ እያስነሣንና እያስቀመጥን፣ ምግባቸውንም እየተቈጣጠርን ቆየን፤ በ11ኛው ቀን ቱቦው ወጣ፤ ዳግመኛም አልገባም።

ይህ ምርመራ ነፍሰ ጡሮች በሚታዩበት ዓይነት መሣሪያ፣ በአልጋው አጠገብ፣ ያለ ጨረርና ያለ ሕመም ይደረጋል። ሐኪሙ ከጎድን አጥንት ሥር በጉበት በኩል አሻግሮ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካል፤ በጎን በኩል ደግሞ በጎድን አጥንቶች መካከል ውፍረቱን ይመለከታል። አየር ሲገባ ውፍረቱ በሲሶ ያህል ቢጨምር መልካም ምልክት ነው፤ ጭማሪው ከአምስት እጅ አንዱን ካልሞላ ግን ጡንቻው ደክሟል። ይሁን እንጂ ልኬቱ ብቻውን ፈራጅ አይደለም፤ የልብ ሁኔታ፣ የማሳል ኃይል፣ የአክታው ብዛትና ንቃተ ኅሊና አብረው ይመዘናሉ።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ክቡራን አባቶች፣ ቤተ ሰብ በጭንቀት ሲጠራችሁ «መሣሪያው የሚነሣው ስለ ምን ነው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ሙከራው ባይሳካም የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ፣ ተጨማሪ ቀናት ማስፈለጋቸውም የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ አስረዱልን።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ለሆስፒታል መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ማን እንደሚሠራበት፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ ኦክስጅንና መብራት መኖሩንም አጣሩ። ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው ነርስ የሌለው የመተንፈሻ መሣሪያ ሕይወት አያድንም። አልትራሳውንድ እናቶችንም የልብ ሕሙማንንም ያገለግላል፤ ነገር ግን ምስሉን የሚያነብ የሠለጠነ ዓይን ያሻዋል። ስለዚህ ከምትሰበስቡት ላይ ለሥልጠና የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ።

እስትንፋስን የሰጠ አምላክ የሕሙማንን ድካም፣ የአስታማሚዎችንም ትዕግሥት ይመልከት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።